አማካሪ ልመርጥ ነው፦ ኤች ኢንዴክስ 60 ወይስ 14?

የማርቆሱ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ነው ያለሁት። በኢሚዩኖሎጂ (የሰውነት በሽታ መከላከያ ጥናት) ፒኤችዲ ልጀምር ብዬ ስጽፍ ሁለት ፕሮፌሰሮች "ና" አሉኝ። የአንደኛው ኤች ኢንዴክስ (ጽሑፎቹ ምን ያህል እንደተጠቀሱ የሚያሳየው ቁጥር) ጎግል ስኮላር ላይ ከ60 በላይ ነው። የሁለተኛዋ 14 ነው። ጓደኞቼ ስለ ሁለተኛዋ "14 ይዛ ደግሞ ምን ታማክራለች?" ይሉኛል። እኔ ግን የሰውየውን ጽሑፎች ሳያቸው የመንገድ አደጋ ሁሉ አለበት። የሴትዮዋ ጥቂት ቢሆኑም ሁሉም ቲቢና ቲ ሴል (በሽታ የሚከላከል የደም ሕዋስ) ላይ ናቸው። የምታውቁ ካላችሁ እንዴት ነው የምታነቡት?

ከፍኖተ ሰላም፦
ወንድሜ፣ ትልቁን ያዝ። ነገ ለፖስት ዶክ (ከፒኤችዲ በኋላ ለሚሠራ የምርምር ሥራ) ስታመለክት መጀመሪያ የሚታየው ስም ነው። ሌላው ወሬ ነው።

የላብ እህት፣ ባሕር ዳር፦
ኧረ ቀስ! ይህን ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2005 ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሰው ነው። 14 ማለት እያንዳንዳቸው ቢያንስ 14 ጊዜ የተጠቀሱ 14 ጽሑፎች አሏቸው ማለት ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። ሥራውን ብቻህን ሠርተኸው ይሁን ከመቶዎች አንዱ ሆነህ፣ ቁጥሩ አይለይም።

የመንገድ አደጋው ከየት እንደመጣ ልገምት? በሽታም አደጋም በየአገሩ ስንት ሰው እንደሚጎዳ ከሚገምተው "የዓለም የበሽታ ጫና" ከሚባለው ጥናት ይመስለኛል። ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሲወጣ ደራሲዎቹ በመቶዎች ናቸው፣ ከአገራችንም ብዙ ሰው አለበት። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው አይደል? ነውር የለውም፣ ሥራው የምር ሥራ ነው። ግን ከደም ላይ ቲ ሴል መለየት አያስተምርህም።

ጽሑፎቹን በተጠቀሱበት ብዛት ደርድራቸው። ከላይ ያሉትን አሥሩን ክፈትና ስማቸው የት እንዳለ እይ። በእኛ ሙያ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ያለው ሥራውን የሠራው ነው፣ መጨረሻ ያለው የላቡ ኃላፊ። መሃል ላይ ያለው ናሙና የላከም ሊሆን ይችላል። ደግሞ ስም ተጠንቀቅ። አበበ ታደሰም፣ አስቴር ታደሰም፣ አዲሱ ታደሰም መጽሔት ላይ "ኤ. ታደሰ" ናቸው። ጎግል የአንዱን ለሌላው ሲሰጥ ስንቴ አይቻለሁ።

የመጽሔቱ ስምም አያስክርህ። ብሩስ ግሊክ የሚባል ተመራማሪ ቡርሳ የሚባለው የዶሮ አካል ከአንቲቦዲ (በሽታ ከሚዋጋው ፕሮቲን) ጋር እንደሚያያዝ ሲያገኝ ሳይንስ መጽሔት ጽሑፉን መለሰበት። እ.ኤ.አ. በ1956 ፖልትሪ ሳይንስ በተባለ የዶሮ መጽሔት ወጣ። ዛሬ ስሙን ከዚያው ቡርሳ ያገኘው፣ አንቲቦዲ የሚሠራው ቢ ሴል የሌለበት የኢሚዩኖሎጂ መማሪያ አታገኝም። ለኮቪድ ኤምአርኤንኤ ክትባት መሠረት የሆነውን፣ ካታሊን ካሪኮና ድሩ ዋይስማን እ.ኤ.አ. በ2005 ኢሚዩኒቲ መጽሔት ላይ ያወጡትን ጥናትም ያኔ ልብ ያለው ጥቂት ነበር። ኖቤሉ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው።

ከአነደድ፦
እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፣ ኢንዴክስ ምናምን አላውቅም። ግን እዚህ ወረዳችን የዝሆኔ ጥናት ተሠርቷል፣ ያ ከቀይ አፈር የሚመጣው ፖዶኮኒዮሲስ። 696 ሕሙማን ገብተውበት እ.ኤ.አ. በ2018 ላንሴት ግሎባል ኸልዝ ላይ ወጣ። እግር መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ነው ሕክምናው። ሕክምናውን ቀድመው ባገኙት ላይ ያ የሚጥላቸው ትኩሳትና እብጠት ቀነሰ። አንዲት እናት አሁንም ማታ ማታ ሳፋ አቅርበው ይዘፈዝፉና በነጠላ ቁራጭ በየጣታቸው መሃል ያደርቃሉ። ይሄ የትኛው ቁጥር ውስጥ ይገባል? አማካሪህ ናሙና ወደ ወሰዱበት አገር ተመልሰው ይሄዳሉ ወይ? እሱን ጠይቅ።

የላብ እህት፣ ባሕር ዳር፦
እህቴ ትክክል ነሽ። ዝሆኔ ደግሞ የኛው ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የ194 ሕሙማንና የ203 ጤነኞች ጥናት በሽታውን ኤችኤልኤ ክላስ ቱ ከሚባሉት የመከላከያ ጂኖች ጋር አያይዞታል። ሁሉም ባዶ እግሩን አርሶ አንዱ ብቻ ለምን ያብጥበታል ለሚለው ጥሩ መልስ ነው። የማርቆሱ፣ ሌላም ልጨምርልህ፦ የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ፈልግ። የመጀመሪያ ደራሲ ሆነው ያሳተሙ ተማሪዎች ካሉ ላቡ ሰው ያወጣል ማለት ነው።

የማርቆሱ፦
ከፈትኩት። ከሰውየው አሥር ጽሑፎች በስምንቱ መሃል ላይ ናቸው። የሴትዮዋ ስም በአብዛኛው መጨረሻ ላይ ነው፣ መጀመሪያ ላይ ያሉት ደግሞ ተማሪዎቻቸው። ችግሩ የሰውየው ስኮላርሺፕ ሙሉ ነው፣ የእሳቸው የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ነው የሚሸፍነው። የአንዱን ተማሪ ኢሜይል አግኝቻለሁ። ከዚያ በኋላ በምን ኖረ እንደሆነ ዛሬ ማታ እጠይቀዋለሁ።