በጾመ ፍልሰታ ፍሎረንስ ለሚሄድ ሰው የት መብላት ይሻላል?

ጠያቂ፦ መምህሩ (ደብረ ማርቆስ)

ጤና ይስጥልኝ። ረፍት የማገኘው ትምህርት ቤት ሲዘጋ ስለሆነ፣ ቦሎኛ የምትኖረውን እህቴን ለመጠየቅ እናቴን ይዤ የምሄደው በነሐሴ መጀመሪያ ነው። በመንገዳችን ፍሎረንስ ላይ ጥቂት ቀናት ለመቆየት አስበናል። በ1441 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም የተላኩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ለአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የተገኙባት ከተማ መሆኗን እናቴ ከሰማች ወዲህ ሳታያት መመለስ አትፈልግም። እኔን የሚያሳስበኝ ምግቡ ነው። ወቅቱ ፍልሰታ በመሆኑ እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች፤ ስትፈታም ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ቀርቶ ዓሣም አትቀምስም። ስንመለስ ግን ጾሙ ተፈትቶ ስለሚሆን በከተማዋ አንድ ቀን አድረን ታዋቂ ነው የሚባለውን ሥጋ ብንቀምስ ደስ ይለናል። ከተማዋን የምታውቁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የቢቸና ልጅ

ጤና ይስጥልኝ መምህር። እናትዎን ይዘው መሄድዎ በጣም ደስ ያሰኛል። በፍሎረንስ ለትምህርት ኖሬያለሁና የማውቀውን ላካፍልዎ። እርስዎን ከምግቡ ዓይነት ይበልጥ የሚያስቸግርዎ ሰዓቱ ነው። ምግብ ቤቶቹ ምሳ የሚያቀርቡት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 6፡30 እስከ 8፡30 ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ወጥ ቤቱ ተዘግቶ የሚከፈተው ከምሽቱ 1፡00 ወይም 1፡30 ላይ ነው። እናትዎ ጾማቸውን በሚፈቱበት በዘጠኝ ሰዓት ትራቶሪያ የሚባሉት የቤተሰብ ምግብ ቤቶች ወንበሩን ጠረጴዛ ላይ ሰቅለው ወለል ሲወለውሉ ነው የሚያገኟቸው። በዚያ ላይ ነሐሴ 9 ቀን፣ በእነሱ ኦገስት 15፣ ፌራጎስቶ የሚሉት ትልቅ በዓል ይውላል። እኛ ጾሙን አጋምሰን ሳለ እነሱ የእመቤታችንን በዓል የሚያከብሩበት ቀን ነው፤ በዚያ ሰሞን ብዙ የሰፈር ምግብ ቤቶች ዘግተው ባለቤቶቹ ወደ ባሕር ዳርቻ ይሄዳሉ።

ስለዚህ የምግብ ቤት ስም ከማሰባሰብ ይልቅ በዘጠኝ ሰዓት ክፍት የሆነ ቦታ ማወቁ ይጠቅምዎታል። መነኮሳቱ የተገኙበት ጉባኤ የተካሄደው በሳንታ ማሪያ ኖቬላ ገዳም ነበርና እናትዎ መጀመሪያ ማየት የሚፈልጉት ይህንኑ ይመስለኛል። ከዚያ በእግር አሥር ደቂቃ ያህል ሄደው የሳን ሎሬንዞን የገበያ አዳራሽ ያገኛሉ። አርክቴክቱ ጁሴፔ ሜንጎኒ በብረትና በመስታወት የሠራውና በ1874 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ይህ አዳራሽ፣ ምድር ቤቱ ሥጋና አትክልት የሚሸጥበት ሲሆን ከሰዓት በኋላ ቀደም ብሎ ይዘጋል። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምግብ መሸጫ የሆነው ፎቁ ግን ከጠዋት እስከ ሌሊት ሳይቋረጥ ያስተናግዳል። ዋጋው ከሰፈር ምግብ ቤት ወደድ ይላል፤ ቢሆንም ለጾመኛ የሚመች ሰዓት ያለው ቦታ በአቅራቢያው ብዙ የለም።

ዳሞት

የቢቸናው ወንድሜ ስለ ሰዓቱ የተናገረው ትክክል ነው። እኔ ወደ ድስቱ ውስጥ ልግባ፤ ጾመኛን የሚያሳስተው እሱ ነውና።

የቶስካና ምግብ ከዳቦ፣ ከባቄላ፣ ከቲማቲምና ከወይራ ዘይት የተሠራ የገበሬ ምግብ በመሆኑ ለጾም ይመቻል። ፓንዛኔላ የሚሉት የደረቀ ዳቦ በውኃ ተነክሮ ከተጨመቀ በኋላ በቲማቲም፣ በቀይ ሽንኩርት፣ በበሶብላ፣ በዘይትና በኮምጣጤ ታሽቶ ቀዝቃዛውን የሚቀርብ ነው፤ እናትዎ ሲያዩት የቲማቲም ፍትፍት መስሎ ይታያቸዋል። ፓፓ አል ፖሞዶሮም እንዲሁ ዳቦና ቲማቲም ነው፤ እሱ ግን ተቀቅሎ ይወፍራል። በየዝርዝሩ ስለሚመሰገነው ሪቦሊታ ስለተባለው የጎመንና የባቄላ ሾርባ አይጨነቁ፤ የብርድ ወራት ምግብ ስለሆነ በነሐሴ በደንብ የሚሠራው ጥቂት ነው። የከተማዋ ዳቦ ጨው ስለማይገባበት ለብቻው ሲበሉት አይጥምም፤ ከወጡ ጋር ሲሆን ይስማማል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ደረቁ ፓስታ ከስንዴና ከውኃ ብቻ ይሠራል፤ በእጅ የሚሠሩት እንደ ታሊያቴሌና ፓፓርዴሌ ያሉት ግን በአብዛኛው እንቁላል አለባቸው። የአትክልት ሾርባ የተባለውም በሥጋ መረቅ የተሠራ ሊሆን ይችላል። «ቬጀታሪያኖ» ብለው ካዘዙ አይብና እንቁላል ሊመጣብዎ ስለሚችል «ቪጋኖ» ይበሉ፤ ያ ካልበቃ «ሴንሳ ካርኔ፣ ሴንሳ ፎርማጆ፣ ሴንሳ ኡኦቫ፣ ሴንሳ ቡሮ» ብለው ሥጋ፣ አይብ፣ እንቁላልና ቅቤ እንዳይገባ አንድ በአንድ ይናገሩ። ፒዛ ለሚፈልግ ማሪናራ የሚባለው ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ስለሆነ አይብ የለበትም።

ከባሕር ዳር

ስለ ሥጋው ማንም ስላላነሳ እኔ ላንሳው። ቢስቴካ አላ ፊዮሬንቲና የሚባለው የበሬ ሥጋ ከነአጥንቱ ወፍራም ሆኖ ተቆርጦ በከሰል ፍም ላይ ላዩ ብቻ ይጠበሳል፤ ውስጡ ቀይ እንደሆነ ይቀርባል። ይብሰልልኝ ቢሉ ብዙ ወጥ ሠሪዎች አይወዱም፤ ለጎጃም ሰው ግን ይህ የሚከብድ አይደለም። የሚሸጠው በክብደት ሲሆን አንዱ ብዙ ጊዜ ከኪሎ ስለሚበልጥ ለሁለት ይበቃችኋል። ሥጋው ሲመዘን ቆመው ይዩ፤ ዋጋው በኪሎ ወይም በ100 ግራም መጻፉንም ሳያረጋግጡ አይዘዙ፣ ሒሳቡ ሲመጣ የሚያስደነግጠው ይህ ነው። ገንዘብ ለመቆጠብ ከፈለጉ ደግሞ ላምፕሬዶቶ የተባለው የከብት አራተኛ ሆድ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በሰለሪ ተቀቅሎ ዳቦ ውስጥ ገብቶ በጋሪ ይሸጣል፤ የዳቦው ክዳን መረቁ ውስጥ ነከር ተደርጎ ይሰጥዎታል።

ሒሳብ ላይ «ኮፐርቶ» የሚል ለእያንዳንዱ ሰው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዩሮ ይጨመራል፤ የመቀመጫና የዳቦ ክፍያ ስለሆነ ተጭበረበርኩ ብለው አይጣሉ። ከካቴድራሉና ከፖንቴ ቬኪዮ ድልድይ አጠገብ ከመብላት አርኖ ወንዝን ተሻግሮ ሳንቶ ስፒሪቶና ሳን ፍሬዲያኖ ሰፈር መግባት ይሻላል። ከተማዋ በ2018 እ.ኤ.አ. በኡፊዚ ሙዚየም ዙሪያ ባሉ መንገዶች በምግብ ሰዓት አስፋልት ዳር ተቀምጦ መብላትን እስከ 500 ዩሮ በሚደርስ ቅጣት ከልክላ ስለነበር፣ እናትዎ ሲደክማቸው ደረጃ ላይ ተቀምጠው ምግብ እንዳያወጡ።

መምህሩ (ደብረ ማርቆስ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ብዙ ጭንቀት አቃለላችሁልኝ። ማብሰያ ያለው ማረፊያ ብንይዝስ?

የቢቸና ልጅ

ለእናትዎ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ጠዋት ሳንታምብሮጆ ገበያ ሄደው ቲማቲሙን፣ ቃሪያውን፣ ሽምብራውንና ዳቦውን ይግዙ፤ ከእሑድ በቀር ክፍት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 8፡00 ሰዓት ገደማ ግን ይዘጋል። እናትዎ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ቆሎ ከቤት ይያዙ፤ በዘጠኝ ሰዓት ምግብ ቤት ቢጠፋ በሶው ብቻውን ያሳድራል። ለእህትዎ ብለው ቅቤና ቋንጣ ግን እንዳይጭኑ ይንገሯቸው፤ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ከውጭ ወደ አውሮፓ ኅብረት ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ጉምሩክ ላይ ይወረሳል።