የአልኮል ጥገኝነትን በ«ዓይነት» መክፈል፦ ካርድ ላይ ምን፣ ጥናት ላይ ምን?

ሬዚደንት፣ ሐዋሳ
ሰላም ለሁላችሁ። በተመላላሽ ክፍል ላሉ የአልኮል ታካሚዎች ጥናት እያዘጋጀን ነው። ክሎኒንገር የተባለው ተመራማሪ ባወጣው ዓይነት 1 (ዘግይቶ የሚጀምር) እና 2 (በወጣትነት የሚጀምር፣ ጠብ የሚበዛበት) ልንከፍላቸው 25 ዓመትን መለያ አድርገን ነበር፤ ብዙዎቹ አልገጥም አሉን። በ17 ዓመቱ ጀምሮ ጠብ የማያውቅ አለ፣ በ40 ጀምሮ ሲጠጣ የሚደባደብም አለ። ካርዳቸው ላይስ የቱን እንጻፍ?

ታቦር ሥር
ካርድ ላይ ዓይነት አይጻፍም፤ ምርመራውና ክብደቱ ይጻፋል። በዲኤስኤም-5 (የአሜሪካ የአእምሮ ሕመም መመደቢያ መጽሐፍ) በ12 ወር ውስጥ ከ11 መስፈርቶች 2–3 ቀላል፣ 4–5 መካከለኛ፣ 6 እና ከዚያ በላይ ከባድ ነው። አይሲዲ-10 (የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታ ምደባ) ግን ከ6ቱ 3 ይፈልጋል። ሁለቱ አንድ ስላልሆኑ በየትኛው እንደመደባችሁ ይገለጽ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከዲኤስኤም የሕግ ችግር የሚለው መስፈርት ወጥቶ አምሮት ስለገባ፣ በአራተኛው እትሙ ከተሠሩ ጥናቶች ጋር ቁጥር ለቁጥር አታወዳድሩ።

አልገጥም ያላችሁ ግን «መቼ ጀመርክ?» በሚለው ጥያቄ ይመስለኛል። በዓል በመጣ ቁጥር ጠላ እየቀመሰ ላደገ ሰው የመጀመሪያው ጉንጭ ምንም አይነግራችሁም። ሦስት ዕድሜ ለይታችሁ መዝግቡ፦ የቀመሰበት፣ ማዘውተር የጀመረበት፣ መጠጡ ችግር ያመጣበት። ለምደባ የሚያገለግለው የመጨረሻው ነው። እሱንም 25 ላይ አትቁረጡት፤ የ24 እና የ26 ዓመቱን ሰው ለሁለት ሳጥን የሚያበቃ ልዩነት የለም። ዕድሜውን እንደ ቁጥር ተዉት። ክሎኒንገር እኮ እ.ኤ.አ. በ1981 የተነሳው ከስዊድን የማደጎ ልጆች መረጃ ነው፤ እዚህ ሳይፈተሽ እንደ ሕግ አይያዝም።

አሞራ ገደል
መጠኑንም አትርሱ። ኦዲት (የአልኮል አጠጣጥ መለያ) መጠይቅ ላይ አንድ መደበኛ መጠጥ 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። 50 ሚሊ የሚይዝ መለኪያ 40 በመቶ አረቄ ከሆነ 50 × 0.40 × 0.79 (የአልኮል ክብደት በሚሊ)፣ ወደ 16 ግራም ይመጣል። «ሦስት መለኪያ» ያለውን ሦስት ብሎ የጻፈ ነጥቡን አሳንሶታል። የቤት አረቄ ጥንካሬው ስለሚለያይ ግምታችሁን ጻፉ። መለኪያውን ግን መገመት አያስፈልግም፤ አስመጡትና ውሃ ሞልታችሁ በሲሪንጅ ለኩት።

ሌላው ጨብሲ ነው። ጫት ቅሞ በአረቄ የሚያበርድ ሰው እንቅልፍ ማጣቱና መርበትበቱ ከጫቱም ሊሆን ይችላል። ያልቃመበትን ቀን ጠይቁ፦ መጠጡ በቀረ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ እጁ ይንቀጠቀጣል? ሲጠጣስ ይተወዋል? ካልሆነ የመውጣት (መጠጥ ሲቋረጥ የሚመጣ) ምልክት ብላችሁ አትቁጠሩት።

ሬዚደንት፣ ሐዋሳ
ገባኝ፣ የዕድሜውን ጥያቄ ለሦስት እንከፍለዋለን። ለሕክምናው ግን ዓይነቱ ምንም አይጠቅምም ማለት ነው?

ታቦር ሥር
ለዛሬው ውሳኔ ብዙም። ከዓይነቱ ይልቅ ከዚህ በፊት መጠጥ ሲያቆም የሚጥል በሽታ ወይም ዴሊሪየም (ድንገተኛ የአእምሮ መደናገር) ገጥሞት እንደሆነ በጉልህ ጻፉ፤ እንዲህ ያለው ሰው ቤቱ ሆኖ አያቋርጥም፣ ሆስፒታል ይተኛል። ግሉኮስ የሚያስፈልገው ከሆነም ቲያሚኑ (ቫይታሚን ቢ1) ይቅደም።