ደመወዜ በእሑድ ምክንያት ቀድሞ ገባና ባንኩ የወር ክፍያ ቆረጠብኝ፤ ምን ላድርግ?

ማለዳ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ለንደን ነው፤ አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ከረንት አካውንቴ (የዕለት ተዕለት የባንክ ሒሳቤ) በየወሩ ቢያንስ 1,500 ፓውንድ ሊገባበት ይገባል። ከገባ የወር ክፍያ የለም፣ ካልገባ 5 ፓውንድ ይቆረጣል። ደመወዜ ከታክስ በኋላ 1,620 ስለሆነ አንድም ቀን አሳስቦኝ አያውቅም።

ለጁን 2025 ግን 5 ፓውንድ ተቆርጦ አየሁ። ስደውል «ጁን ላይ የገባልሽ 200 ብቻ ነው፣ እሱም አይቆጠርም» አሉኝ። ደነገጥኩ። ስቴትመንቱን ከፍቼ መስመር በመስመር አየሁት። ደመወዝ የሚከፈለኝ ወር በገባ በ1 ነው። ጁን 1 እሑድ ስለዋለ አሠሪዬ ዓርብ ሜይ 30 አስገባልኝ። ቀጣዩ ደግሞ ጁላይ 1 ገባ። ስለዚህ ሜይ ላይ ሁለት ደመወዝ ገብቶ ጁን ባዶውን ቀረ። 200ዋን እዚያው ባንክ ካለኝ የቁጠባ ሒሳብ ያዛወርኳት እኔው ነኝ።

5 ፓውንድ ለእኔ ሦስት ጊዜ አውቶቡስ የምሳፈርበት ነው ማለት ይቻላል። የሜይ ትርፍ ለጁን ሊታሰብልኝ አይችልም? ሌላው ጥያቄዬ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «በየወሩ 1,500 እልክልሻለሁ፣ በማግስቱ ትመልሽልኛለሽ» ብላኛለች። ችግር አለው? የዕቁብ ገንዘብ ሲደርሰኝስ ይቆጠራል?

የፒያሳ ልጅ

እህቴ አይዞሽ፣ እኔም ላይ ደርሷል። የሜይ ትርፍ ለጁን አይታሰብም። እያንዳንዱ ወር ለብቻው ነው የሚቆጠረው።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ግዴታው 1,500 እንዲገባ እንጂ እንዲቀመጥ አይደለም። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ገንዘቡ ጠዋት ገብቶ ከሰዓት ቢወጣም ገብቷል ይባላል። አንዴ ሙሉውን ማስገባትም ግድ አይደለም፤ በብዙ ባንኮች ተደምሮ ከሞላ ይበቃል።

እኔ ያደረግኩት ይኸውልሽ። ሌላ ባንክ ሄጄ ምንም ግዴታ የሌለበት ተራ ሒሳብ ከፈትኩ። ደመወዜ አሁን እዚያ ነው የሚገባው። ከዚያ በየወሩ በ5 ስታንዲንግ ኦርደር (በተወሰነ ቀን ራሱ ገንዘብ የሚልክ ቋሚ ትእዛዝ) 1,500ውን ወደ ዋናው ሒሳቤ ይወስድልኛል። አሠሪው ዓርብ ያስገባ ሰኞ፣ ለእኔ ለውጥ የለውም። በ5 ራሱ ይሄዳል።

ሒሳብ ሠራተኛ

የፒያሳ ልጅ ያለው ትክክል ነው። የባንክሽን ውል ግን አንብቢ። እኔ የማያቸው ሰዎች ሁሉ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የምታዪው የትኛው ገንዘብ እንደሚቆጠር ነው። ከራስሽ ሒሳብ፣ እዚያው ባንክ ውስጥ የተዛወረ አብዛኛውን ጊዜ አይቆጠርም፤ 200ዋ የወደቀችው ለዚህ ነው። አንዳንዱ ባንክ እንዲያውም የሌላ ሰው ቢሆንም ከእሱው ባንክ የመጣን ገንዘብ አይቆጥርም። ወለድና ተመላሽ ሒሳብም በብዙ ውል ውስጥ አይካተቱም። ደመወዝ፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲት (የመንግሥት ድጎማ)፣ ከሌላ ባንክ በስምሽ የላክሽው ገንዘብ ብዙ ጊዜ ይቆጠራል። ጥሬ ገንዘብ ግን ባንኩን ጠይቂ።

ከዚያ ወሩ ከመቼ እስከ መቼ እንደሆነ። ያንቺ እንደነገርሽን ከ1 እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። የአንዳንዱ ግን ሒሳቡ ከተከፈተበት ቀን ይጀምራል።

ስታንዲንግ ኦርደር ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም የባንክ በዓል ላይ ከዋለ በብዙ ባንኮች በቀጣዩ የሥራ ቀን ነው የሚወጣው። ስለዚህ በ29 ወይም በ30 አታድርጊው፤ አንዴ ወደ ሌላ ወር ከተሻገረ እንደ ጁን ይሆንብሻል።

እናት ዓለም

ልጄ፣ ስለ ባልደረባሽ ላስጠነቅቅሽ። አታድርጊው። ክፉ ሰው ናት ማለቴ አይደለም። ግን የሌላ ሰው ገንዘብ በየወሩ በሒሳብሽ ገብቶ ሲወጣ ባንኩ ይጠረጥራል። እዚህ አገር የሌላን ሰው ገንዘብ በሒሳብ ማሳለፍ በወንጀል የሚያስጠይቅበት ጊዜ አለ። ሒሳቤ ሁለት ሳምንት ታግዶብኝ ያውቃል። የዕቁባችን ዳኛ ስለነበርኩ የ12 ሰው ገንዘብ በእኔ ሒሳብ ያልፍ ነበር። የቤት ኪራዬ ሳይከፈል ቀረ፣ ለወተት እንኳ ከጎረቤት ተበደርኩ። የአባላቱን ዝርዝርና ማን መቼ እንደከፈለ የጻፍኩበትን ደብተር ፎቶ አንስቼ ስልክላቸው ነው የተከፈተልኝ። ደብተሩ ባይኖር ምን እል ነበር?

የራስሽን ገንዘብ በራስሽ ስም ባሉ ሁለት ሒሳቦች ማመላለስ ሌላ ነገር ነው። እሱ ምንም ነውር የለውም። የዕቁቡ ዕጣ ሲወጣልሽም ከሌላ ባንክ ከተላከልሽ ሊቆጠርልሽ ይችላል፤ ግን በዓመት አንዴ የሚመጣ ነገር ለየወሩ መተማመኛ አይሆንም።

ማለዳ (ጠያቂ)

እናት ዓለም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን ባልሰማ ኖሮ እሺ ልላት ነበር።

የፒያሳ ልጅ፣ ሐሳብህ ግሩም ነው፣ ግን አንድ ችግር አለኝ። የክፍል ኪራዬ 780 ነው፣ የሚከፈለው በ3 ነው። ደመወዜ አዲሱ ሒሳብ ውስጥ ከገባ ኪራዩም ከዚያ መውጣት አለበት። በ5 የሚተርፈኝ 840 ብቻ ነው። 1,500 ከየት አመጣለሁ?

የፒያሳ ልጅ

ያው 500 ፓውንድ ሦስቴ ይመላለሳል። አዲሱን «ሀ» እንበለው፣ ግዴታ ያለበትን «ለ»። በ5፣ በ15 እና በ25 ከ«ሀ» ወደ «ለ» 500 ይሂድ። በ10 እና በ20 ከ«ለ» ወደ «ሀ» 500 ይመለስ። «ለ» ውስጥ ሦስቴ 500 ገባ፣ 1,500 ሞላ። አምስቱንም ስታንዲንግ ኦርደር አንድ ምሽት ቁጭ ብለሽ ስልክሽ ላይ ታዘጋጂያቸዋለሽ፣ ከዚያ በኋላ አትነኪያቸውም። የአምስት ቀኑ ልዩነት ለቅዳሜና እሑድ፣ ለፋሲካ በዓላቸውም ይበቃል።

ሒሳብ ሠራተኛ

ይሠራል። አደጋው ያለው መካከል ላይ ነው። በ10 ሊመለስ የነበረው 500 ውስጥ ገብተሽ አስቤዛ ከገዛሽበት ዝውውሩ ሊከሽፍ ወይም ኦቨርድራፍት (ሒሳብሽ ባዶ ሲሆን ከባንኩ የምትበደሪው) ውስጥ ልትገቢ ትችያለሽ። የብዙ ባንኮች ኦቨርድራፍት ወለድ በዓመት ወደ 40 ከመቶ ነው። 5 ፓውንድ ለማዳን ብለሽ ከዚያ በላይ እንዳትከፍይ። ያቺን 200 መጠባበቂያ አድርገሽ «ለ» ውስጥ ተያት።

ደግሞም ይህ ሒሳብ የሚሰጥሽ ጥቅም ምንድን ነው? ወለድ ወይም ሌላ ጥቅም ከሌለው ክፍያ ወደሌለው ሒሳብ እንዲቀይሩልሽ ጠይቂ። ሌላ ባንክ ከመረጥሽም የሒሳብ ማዘዋወሪያው አገልግሎት በ7 የሥራ ቀን ዳይሬክት ዴቢትሽን (ድርጅቶች ከሒሳብሽ በራሳቸው የሚወስዱትን ክፍያ) ሁሉ ይዞልሽ ይሄዳል።

ስለ ተቆረጠችው 5 ፓውንድ፣ ደግመሽ ደውዪና የሜይ 30ን ቀን ጠቅሰሽ «ደመወዜ እሑድ በመዋሉ ነው፣ በደግነት መልሱልኝ» በይ። እምቢ ካሉ በጽሑፍ ቅሬታ አስገቢ። ባንኩ መልስ ለመስጠት 8 ሳምንት አለው። ከዚያ ወደ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን (በባንክና በደንበኛ መካከል ያለን ቅሬታ የሚዳኝ ገለልተኛ አካል) መሄድ ትችያለሽ፣ ነፃ ነው። ደንቡ ከባንኩ ጋር ስለሆነ ግን ያሸንፍልሻል ብዬ አልዋሽሽም። ትሕትና ያለው ስልክ ይሻልሻል።

ማለዳ (ጠያቂ)

ዛሬ ከሥራ ስወጣ ደወልኩ። ልጅቷ ሜይ 30ን ስነግራት ራሷ አየችውና «ገባኝ፣ ለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ብላ 5 ፓውንዱን መለሰችልኝ።

ሒሳቡን ደግሞ አሰብኩበት። ወለድ የለውም፣ ሲኒማ ቲኬት ነው የሚሰጠው፣ እኔ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ሥራ ላይ ነኝ። ስለዚህ 500 እያመላለስኩ ከምጨነቅ ክፍያ ወደሌለው ቀይሩልኝ አልኳት። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ይቀየራል ብላኛለች። ዳይሬክት ዴቢቶቼም የካርድ ቁጥሬም እንዳሉ ይቆያሉ።

እናት ዓለም

ጎሽ ልጄ። እስኪቀየር ድረስ ግን የዚህ ወር ግዴታ አለብሽ፤ የጁላይ 1 ደመወዝሽ ስለገባ ሞልቷል። ኦገስት 1 ዓርብ ነው፣ በቀኑ ይገባልሻል።