የድሮ ካምፐር መኪና የጋዝ ፍሪጅ እሳቱ ይነዳል ግን አያቀዘቅዝም፣ እርዱኝ

ተጓዥቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአራት ወር በፊት አንድ ያረጀ ካምፐር መኪና ገዛሁ፣ ሞተሩም አልጋውም ምኑም ደህና ነው ያስቸገረኝ ፍሪጁ ብቻ ነው። በሶስት መንገድ የሚሰራው አይነት ነው፣ በጋዝ፣ በ12 ቮልት ባትሪ እና በ230 ቮልት የቤት መብራት። ጋዝ ላይ አድርጌ ቁልፉን ተጭኜ ይዤ መለኮሻውን ቀጭ ቀጭ ሳደርገው እሳቱ ይያያዛል፣ በታች ባለችው ትንሽ መስታወት አየዋለሁ፣ ግን አንዳንዴ ጣቴን ሳነሳ ድርግም ይላል አንዳንዴ ደግሞ ይቆያል። ሲቆይም ሌሊቱን ሙሉ ነዶ ጠዋት ስከፍተው ውስጡ ለብ ብሎ ነው የማገኘው፣ በረዶ ቤቱ ብቻ ትንሽ ቀዝቀዝ ይላል። ከኋላው ግን እጅ አያስነካም በጣም ይሞቃል። እንዲህ የሚሞቅ ነገር እንዴት ነው የማያቀዘቅዘው? ኮምፕሬሰር የለውም ድምፅም የለውም፣ መስራቱን በምን እንደማውቅ ራሱ ግራ ገብቶኛል። አንድ ሰራተኛ አይቶት ውስጡ ያለው ጋዝ አልቋል ሌላ ግዛ አለኝ። እናቴ አብራን ስለምትጓዝ ኢንሱሊኗን የምናስቀምጥበት ቦታ ያስፈልገኛል፣ ለዛ ነው የተጨነቅኩት። እባካችሁ የምታውቁ ወንድማችሁን እርዱት።

ውሃልክ፦
መኪናው የቆመበት ቦታ ዝንፍ ያለ ነው? መጀመሪያ እሱን እይ። በረዶ ቤቱ ወለል ላይ ውሃ ልክ አስቀምጥና አረፋዋ መሀል ላይ መሆኗን አረጋግጥ። እነዚህ ፍሪጆች ፓምፕ ስለሌላቸው ፈሳሹ በራሱ ቁልቁል እየፈሰሰ ነው የሚዞረው፣ ካዘነበለ አንድ ቦታ ላይ ይጠራቀምና በቃ ማቀዝቀዙ ይቆማል። አዳዲሶቹ ወደ ጎን 3 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ይችላሉ የድሮዎቹ ግን ከዛም ያነሰ ነው የሚታገሱት። እየነዳህ ከሆነ መኪናው ስለሚወዛወዝ ችግር የለውም፣ ችግሩ አዘንብሎ ቆሞ ሲያድር ነው።

ሰማያዊ እሳት፦
ልጄ ሌላ ከመግዛትህ በፊት ቆም በል። እኔ በነዚህ ፍሪጆች ላይ ብዙ አመት ሰርቻለሁ፣ ጋዙ አልቋል እየተባለ የሚጣለው አብዛኛው ፍሪጅ ደህና ፍሪጅ ነው፣ በጣም ያሳዝነኛል።

የሚሞቀው እንዴት ነው የማያቀዘቅዘው ላልከው፣ ይሄ ፍሪጅ የሚያቀዘቅዘው እኮ በሙቀቱ ነው። ከኋላ ባሉት ቱቦዎች ውስጥ አሞኒያ ውሃና ሃይድሮጅን ታሽገው አሉ። ከታች ያለው እሳት አሞኒያ ያለበትን ውሃ ያፈላዋል፣ አሞኒያው ተኖ ወደ ላይ ይወጣል፣ ላይ ያሉት ክንፍ ክንፍ ያላቸው ብረቶች ጋ ሲደርስ ሙቀቱን ለአየሩ ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ከዛ በረዶ ቤቱ ጋ ሃይድሮጅን ሲቀላቀለው እንደገና ይተናል፣ ሲተን ደግሞ ከፍሪጁ ውስጥ ሙቀት ይዞ ነው የሚሄደው። መጨረሻ ላይ ውሃው መልሶ ይመጠውና ወደ እሳቱ ይመለሳል። የሚሽከረከር ነገር የለም ለዛ ነው ድምፅ የሌለው። ሁለት የስዊድን ተማሪዎች ናቸው እ.ኤ.አ. በ1922 ያወጡት እስካሁን ሀሳቡ አልተለወጠም።

አሁን የምታደርገው ይሄን ነው። ጋዙን ዝጋ፣ መኪናውን በውሃ ልክ አስተካክለህ አቁም፣ ፍሪጁን ባዶ አድርግና በ230 ቮልት ሰክተህ ቴርሞስታቱን መጨረሻ አድርገህ ለ24 ሰአት ተወው። ውስጡ አንድ ብርጭቆ ውሃ አድርግና ቴርሞሜትሩን ውሃው ውስጥ ንከረው፣ የአየሩን ከለካህ በር በከፈትክ ቁጥር ይዋሽሃል። በመብራት በደንብ ካቀዘቀዘ ቱቦዎቹ ጤነኞች ናቸው፣ ጥፋቱ ያለው እሳቱ ጋ ነው ማለት ነው። በመብራትም በጋዝም እምቢ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሞኒያው ፈሶ ቢሆን ሽታው አይንህን ያስለቅስህ ነበር፣ ከኋላም ቱቦው ላይ ቢጫ ዱቄት ወይም ቢጫ እድፍ ታይ ነበር። እሱን ካየህ በእጅህ እንዳትነካው መርዝ ነው።

የኋላ ወንበር፦
እኔ በመብራትም ሳይሰራ ሲቀር አውጥቼ ገልብጬ አንድ ቀን አሳድሬው ሰርቶልኛል። ሞክረው ወንድሜ።

ሰማያዊ እሳት፦
እሱ ለሁሉም አይሆንም። ፈሳሹ ቱቦ ውስጥ ደርቆ ወይም አየር ይዞ ከተዘጋ አንዳንዴ ይከፍተዋል፣ ብዙ ጊዜ ግን ለጥቂት ወር ነው። ደግሞ ፍሪጁን ለማውጣት የጋዝ መስመር መፍታት አለብህ፣ መልሰህ ስታስር ከላላ ሰው የሚተኛበት ክፍል ውስጥ ጋዝ ለቀቅክ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የመብራቱን ፈተና ይጨርስ፣ መገልበጡ የመጨረሻ ነገር ነው።

ተጓዥቤት፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዳሉት አደረግኩ። ከ20 ሰአት በኋላ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ 4 ዲግሪ፣ በረዶ ቤቱ ደግሞ ከዜሮ በታች 11 ሆነ!! ሁለት ጊዜ ነው የለካሁት ማመን አቃተኝ። ስለዚህ ጋዝ ላይ ብቻ ነው እምቢ ያለው። 12 ቮልት ላይም ሞከርኩት እሱም ደካማ ነው። ሌላ ያየሁት ነገር እሳቱ ጫፉ ላይ ቢጫ ነው፣ ከውጪ ደግሞ ከላይኛው ፍርግርግ አጠገብ የመኪናው ቀለም ላይ ጥቁር ነገር አለ፣ አቧራ መስሎኝ ስነካው ጣቴ ላይ እንደ ከሰል ቀረ።

ሰማያዊ እሳት፦
እሱ ጥላሸት ነው! ከዛሬ ጀምሮ እስኪጠገን ጋዙ ላይ እንዳታሳድረው። ቢጫ እሳት ማለት በደንብ ያልነደደ ጋዝ ነው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፣ ሽታ የለውም ቀለም የለውም ሰው እንደተኛ ይወስዳል። መኪናው ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ከሌለህ ከፍሪጁ በፊት እሱን ግዛ፣ እናትህም ስላለች በጣም አደራ።

አሁን ሲሊንደሩን ዝጋና ከውጪ የታችኛውን ፍርግርግ ንቀል። አንዲት የላሜራ ሽፋን ታገኛለህ በአንድ ብሎን የታሰረች፣ እሷን ስትፈታ በርነሩ ይታያል፣ ጣት የምታክል ቱቦ ናት ጎኗ ላይ ስንጥቅ ስንጥቅ ያላት። ከበርነሩ በላይ ቀጥ ብሎ ወደ ጣራ የሚወጣው የጭስ ማውጫው ነው። በዛ ጭስ ማውጫ ውስጥ ከላይ በሽቦ የተንጠለጠለ የተጠማዘዘ ብረት መኖር አለበት፣ ስራው ትኩሱ ጭስ ቶሎ እንዳያመልጥ እያዞረ ሙቀቱን አሞኒያው ለሚፈላበት ቱቦ መስጠት ነው። እሱን ከላይ ስበህ አውጣው። ከዛ በርነሩን በጨርቅ ሸፍን፣ ጭስ ማውጫውን በጠርሙስ ማጠቢያ አይነት ብሩሽ ከላይ እስከ ታች ጥረግ፣ የሚረግፈው ዝገት ብዙ ነው አይኖችህን ጠብቅ።

ጂግለሯን፣ ማለትም ጋዙ ወደ በርነሩ የሚገባባትን ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብረት፣ ደግሞ ፈትተህ አልኮል ውስጥ ነክረህ አሳድራትና በአየር ንፋት። ስማኝ፣ መርፌ ወይም ሽቦ እንዳታስገባባት! ቀዳዳዋ ፀጉር የምታስገባ ናት፣ ትንሽ ከሰፋች ከመጠን በላይ ጋዝ ታሳልፍና ቢጫው እሳት ይብስብሃል። በርነሩ ውስጥ የሸረሪት ድርም ፈልግ፣ መኪናው ክረምቱን ከቆመ ሸረሪት እዛ ቤት ትሰራለች።

ጣትህን ስታነሳ የሚጠፋው በቴርሞካፕሉ ነው። እሱ ጫፉ እሳት ውስጥ ሲሞቅ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ተነቅሎ ሲለካ ከ20 እስከ 30 ሚሊቮልት ያህል፣ ያቺ ኤሌክትሪክ ናት የጋዙን ቫልቭ ከፍታ የምትይዘው። ጫፉ ከእሳቱ ከራቀ ወይም ጥላሸት ከለበሰ አይበቃትም። አፅዳውና ጫፉ እሳቱ መሀል እንዲገባ አስተካክል፣ ስትለኩስም ቁልፉን እስከ 30 ሰከንድ ያዘው።

ውሃልክ፦
12 ቮልቱን በተመለከተ እሱ ብዙ ጊዜ የሽቦ ችግር ነው። ፍሪጁ 10 አምፔር ገደማ ይፈልጋል፣ ሽቦው ቀጭን ከሆነ መንገድ ላይ ቮልቱ ይወርዳል። ፍሪጁ ጋ ሲደርስ 10.5 ከሆነ ሙቀቱ በሩብ ያህል ነው የሚቀንሰው፣ እየሰራ እያለ መልቲሜትር ይዘህ እዛው ፍሪጁ ጋ ለካ። ሞተር ጠፍቶ በ12 ቮልት እንዳታሰራው፣ ባትሪህን በጥቂት ሰአት ይጨርሰዋል።

ተጓዥቤት፦
ከፍቼው ምን እንዳገኘሁ ልንገራችሁ። ያ የተጠማዘዘው ብረት የተንጠለጠለበት ሽቦ በዝገት ተበልቶ ተበጥሷል፣ ብረቱ ወርዶ በርነሩ አናት ላይ ነው የተቀመጠው፣ እሳቱን አፍኖት። ስንት አመት እንደዛ እንደነደደ እንጃ። በብሩሽ ስጠርገው የረገፈው ዝገት ጨርቁ ላይ የሻይ ቅጠል ነው የሚመስለው፣ ሁለት እፍኝ ሙሉ ይሆናል። ሽቦውን በማይዝግ ሽቦ ቀይሬ ብረቱን በፊት ምልክቱ የነበረበት ከፍታ ላይ መልሼ ሰቀልኩት፣ ጂግለሯን አልኮል ውስጥ አሳድሬ ነፋኋት፣ ቴርሞካፕሉን በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ቀስ አድርጌ አሸት አሸት አደረግኩት። የፈታኋቸውን የጋዝ ማሰሪያዎች ሁሉ የሳሙና አረፋ ቀብቼ አየሁ አንድም ቦታ ላይ አረፋ አልነፋም። ከዛ ለኮስኩት፣ ሰማያዊ! ጥርት ያለ ሰማያዊ፣ ሹ የሚል ድምፅም አለው በፊት አልነበረውም። ማንቂያውንም ገዝቼ አልጋው አጠገብ ሰቅያለሁ። ጋሼ በጣም ነው የማመሰግነው፣ እህቴ ውሃልክ አንቺንም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፣ ጠዋት 5 ዲግሪ ነው፣ ከሰአት ፀሀይ ሲበረታ ግን 11 ይደርሳል። ይሄ ለኢንሱሊን አይሆንም አይደል?

ውሃልክ፦
እንኳን ደስ አለህ!! ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፣ ስለዚህ 11 አይሆንም። የተጀመረው ግን አብዛኛው ከፍሪጅ ውጪ ጥላ ቦታ ላይ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል፣ የእናትህን ኢንሱሊን ወረቀቱ ላይ አንብብ። የበለጠ የምፈራው መሞቁን ሳይሆን በረዶ መሆኑን ነው፣ ሌሊት ፍሪጁ ውስጥ ከኋላ ያሉት ቀዝቃዛ ክንፎች አጠገብ ካስቀመጥከው ሊረጋ ይችላል፣ አንዴ ከረጋ ደግሞ መጣል ነው። በሩ አጠገብ መሀል መደርደሪያ ላይ በሳጥን አድርገው፣ ቴርሞሜትሩንም እዛው ሳጥኑ ውስጥ።

ሰማያዊ እሳት፦
ጎበዝ ልጄ! የከሰአቱ የአየር ጉዳይ ነው። ይሄ ፍሪጅ ከውጪው አየር ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ነው አቅሙ፣ ከኋላው ያለው አየር 40 ከሆነ ምን ያድርግ። ከኋላ አየሩ በታችኛው ፍርግርግ ገብቶ ክንፎቹን እየታከከ በላይኛው መውጣት አለበት። ከፍሪጁ ጀርባና ከመኪናው ግድግዳ መሀል ሰፊ ባዶ ቦታ ካለ አየሩ ክንፎቹን ሳይነካ ያልፋል፣ ላሜራ አጥፈህ አየሩ ወደ ክንፎቹ እንዲጠጋ አድርግ፣ ጭስ ማውጫውን ግን እንዳትሸፍን። ከዛ ከላይኛው ፍርግርግ ስር አንድ ወይ ሁለት የኮምፒውተር ፋን በ12 ቮልት ግጠም፣ ወደ ውጪ እንዲነፋ፣ ከበርነሩ ግን አርቀው እሳቱን እንዳያጠፋ። ስትቆምም ፍሪጁ ያለበትን ጎን ወደ ጥላ አዙር። የበሩን ጎማም ፈትሽ፣ ወረቀት አስገብተህ በሩን ዝጋና ሳብ፣ እንደዋዛ ከወጣ ጎማው አልቋል።

ተጓዥቤት፦
ወረቀቱ ከታች በኩል ሳይይዘው ወጣ! ጎማውን በሞቀ ውሃ አጥቤ ስስበው ትንሽ ተነሳ፣ አሁን ይይዛል። ሁለት ፋን ገጠምኩ፣ ዛሬ ከሰአት በ9 ሰአት ላይ ሳጥኑ ውስጥ 7 ዲግሪ ነበር። ሶስት ቀን እንደዚህ ካየሁት የእናቴን አስገባለሁ። በመጨረሻ፣ እየነዳሁ በጋዝ ላሰራው እችላለሁ?

ሰማያዊ እሳት፦
አይሆንም፣ ስትነዳ ወደ 12 ቮልት ቀይረውና ሲሊንደሩን ዝጋ። ነዳጅ ማደያ ስትገባማ እሳት ይዘህ መግባት ነው፣ ከመግባትህ በፊት መጥፋቱን በመስታወቷ በአይንህ እይ። የጋዙ ጎማ ቱቦ ላይ የተሰራበት አመት ታትሟል፣ እሱንም አንብበህ ፃፍልኝ፣ ያረጀ ከሆነ የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር ጭምር ነው የምንቀይረው።