ያው ዘፈን ከ67ኛ ወደ 1ኛ እንዴት ወጣ? ስለ ራንዲ ትራቪስ «ስቶርምስ ኦፍ ላይፍ» አልበም

ጥያቄ፦ የካንትሪ አድማጭ

ጤና ይስጥልኝ። ኬኒ ሮጀርስንና ዶን ዊልያምስን እየሰማን ላደግን ሰዎች የአሜሪካዊው የካንትሪ ዘፋኝ ራንዲ ትራቪስ ድምፅ እንግዳ አይደለም። ሰሞኑን እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣውን «ስቶርምስ ኦፍ ላይፍ» አልበሙን ደጋግሜ ሳዳምጥ አንድ ነገር ግራ አጋባኝ። «ኦን ዚ አዘር ሃንድ» በ1985 በነጠላ ዜማነት ሲለቀቅ በአሜሪካው የሙዚቃ መጽሔት በቢልቦርድ የካንትሪ ሰንጠረዥ ከ67ኛ ደረጃ አላለፈም፤ በ1986 እንደገና ሲለቀቅ ግን አንደኛ ወጣ። ግጥሙም ዜማውም ያው ሆኖ ሳለ ምን ተለወጠ? የምታውቁ ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ የድሮ ሸክላ

የተለወጠው የራዲዮ ጣቢያዎች አቀባበል ይመስለኛል። በሁለቱ ልቀቶች መካከል «ናይንቲን ኤይቲ ቱ» የተባለው የትራቪስ ነጠላ ዜማ ተለቆ 6ኛ ደረጃ ድረስ ወጥቷል። በዚያ ዘመን አንድ የካንትሪ ዘፈን ሰንጠረዥ ላይ ከፍ የሚለው ጣቢያዎች ደጋግመው ሲያጫውቱት ስለነበር፣ ስሙን የማያውቁትን ወጣት ገሸሽ ያደረጉ አዘጋጆች ከዚህ ዘፈን በኋላ የቀድሞውንም በሌላ ጆሮ ሰሙት። አሳታሚው ዋርነር ብራዘርስ ወድቆ የነበረን ዘፈን ዳግም ለመልቀቅ መድፈሩ ግን በእውነት የሚደነቅ ነው።

መልስ፦ ክራር እና ጊታር

ከላይ በተባለው ላይ ትንሽ ልጨምር። የካንትሪ ሙዚቃ ማዕከል የሆነችው የናሽቪል ከተማ አሳታሚዎች ትራቪስን «ከመጠን በላይ ካንትሪ ነው» እያሉ መልሰውታል፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ገበያው ወደ ፖፕ ያዘነበለ ለስላሳ ሙዚቃ ይፈልግ ነበርና። እርሱም በዚያው ከተማ ናሽቪል ፓላስ በተባለው ክለብ ወጥ ቤት እያበሰለና ሳህን እያጠበ፣ ማታ ማታ ደግሞ መድረክ ላይ እየዘፈነ ቆየ። የዋርነር ባልደረባ የነበረችው ማርታ ሻርፕ ናት በመጨረሻ ያስፈረመችው። በዚያን ጊዜ ዘፋኞቹ ጆርጅ ስትሬትና ሪኪ ስካግስ የጥንቱን የፊድል (የካንትሪ ቫዮሊን) እና የስቲል ጊታር ድምፅ ወደ ራዲዮ መልሰውት ስለነበር፣ ትራቪስ የመጣው በር ከተከፈተ በኋላ ነው።

መልስ፦ ባሪቶን

ሁለታችሁም ያላችሁት ትክክል ነው፤ ሆኖም ዘፈኑ ራሱ ሊረሳ አይገባም ባይ ነኝ። ፖል ኦቨርስትሪትና ዶን ሽሊትዝ የጻፉት ግጥም ባለትዳር ሰው ከሌላ ሴት ጋር ለመቆየት ምክንያቶቹን በአንድ እጁ ሲቆጥር፣ በሌላው እጁ ላይ ያለው የጋብቻ ቀለበት ሁሉንም ሲሽርበት ያሳየናል። ትራቪስ ይህን ሲዘፍን አይጮህም፣ አያለቅስም፤ ወፍራም ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ ተራ ወሬ ይነግረናል። ካይል ሌህኒንግና ኪት ስቴጋልም ሲያቀናብሩት መሣሪያዎቹን አላበዙበትም፤ ስለዚህ አንዲትም ቃል አታመልጥም። እንዲህ ያለ ዘፈን በአንድ ጊዜ አይያዝም፣ መደጋገም ይፈልጋል።

ቀጥሎ የተለቀቁትም ይህን ያረጋግጣሉ፤ «ዲጊን አፕ ቦንስ» አንደኛ፣ «ኖ ፕሌስ ላይክ ሆም» ሁለተኛ ወጥተዋል። በኋለኛው ውስጥ ሻንጣውን ሸክፎ ሊወጣ የተነሣ ባል ወለሉንና ርካሽ የቤት ዕቃውን አንድ በአንድ ይቃኛል፤ ለእኔ ከአራቱ ነጠላ ዜማዎች የሚበልጠው እርሱ ነው። አልበሙ በአሜሪካ ብቻ ከሦስት ሚሊዮን ቅጂ በላይ ሄዷል። ጠያቂያችን በዚሁ ከቀጠሉ በ1987 የወጣውን «ኦልዌይስ ኤንድ ፎርኤቨር» ያዳምጡ፤ እዚያም እነዚሁ ሁለት ደራሲያን «ፎርኤቨር ኤንድ ኤቨር፣ ኤሜን»ን ሰጥተውታል።