«መሄጃ አላቸው» የተባሉት ደሴቶችና የጅማ ቡና

አዌቱ፦ ትናንት እዚህ ጅማ ስለ አየር ንብረት ለውጥ በተደረገ ውይይት ላይ አንድ ተናጋሪ «ባሕር እየዋጣት ያለችው የፓስፊክ ደሴት አገር የቱቫሉ ሰዎች ቢያንስ መሄጃ አላቸው፤ የእኛ ቡና ገበሬ ግን የለውም፤ ስለዚህ በአየር ንብረት ለውጥ ለተጎዱ አገሮች በሚሰጠው የካሳ ገንዘብ ወረፋ እኛ እንቅደም» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ባሕር አገሩን እየወሰደበት ያለን ሕዝብ እንደ ተፎካካሪ መቁጠር የጀመርነው ከመቼ ወዲህ ነው?

የአጋሮው፦ ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ፤ አላፍርበትምም። 11 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት ቱቫሉ እ.ኤ.አ. በ2023 ከአውስትራሊያ ጋር በተፈራረመችው ስምምነት በየዓመቱ 280 ሰዎቿ እዚያ የሚኖሩበትን መንገድ አግኝታለች። ለጎማ ወረዳ ቡና ገበሬ እንዲህ ያለ ውል ማን ፈረመለት?

ሂርማታ፦ እስቲ 11 ሺህን ለ280 ያካፍሉት፤ የመጨረሻው ሰው የሚወጣው አርባ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ደግሞም በነጻ የተሰጠ አስመሰሉት እንጂ፣ በዚያው ስምምነት መሠረት ቱቫሉ ከሌላ አገር ጋር የጸጥታ ውል ለመግባት ብትፈልግ አስቀድማ ከአውስትራሊያ ጋር መስማማት አለባት። መሄጃ የሚሉት ይህን ከሆነ የተከፈለበትንም አብረው ይናገሩ።

የአጋሮው፦ በ2025 ወደ አውስትራሊያ የሚሄዱት የሚመረጡበት ዕጣ ምዝገባ ሲከፈት አብዛኛው ሕዝብ ተመዝግቧል። ዋጋውን ከእርስዎ ይልቅ እነሱ ያውቁታል።

ሂርማታ፦ ቤቱ ሲቃጠልበት በመስኮት የዘለለን ሰው «መስኮት ነበረው» ብለው ይቀኑበታል?

የጌራ ልጅ፦ ወደ ቡናው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት፣ ምንም ካልተደረገ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ አሁን ቡና ከሚበቅልበት የኢትዮጵያ መሬት ከ39 እስከ 59 በመቶው ለቡና የማይመች ሊሆን እንደሚችል ገምቷል። ደን እየተጠበቀ ቡናው ወደ ከፍታ ቢወጣ ግን ተስማሚው መሬት እንደሚሰፋ ያው ጥናት ይናገራል። እንግዲህ ቡናው መሄጃ አለው፤ መሄጃ ያጣው ገበሬው ነው፤ ከላይ ያለው መሬት ገብስና እንሰት የሚያለማ ባለይዞታ አለውና።

የአጋሮው፦ ይኸው፣ እኔ ያልኩትን ደገሙልኝ።

የጌራ ልጅ፦ እርስዎ ያሉት «እንቅደም» ነው፤ እኔ እሱን አላልኩም። በ2022 በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ የተወሰነው ይህ የካሳ ገንዘብ፣ የኪሳራና ጉዳት ፈንድ፣ ለትንንሽ ደሴት አገሮችም፣ እኛ ለምንገኝበት እጅግ ያላደጉ አገሮች ጎራም ከተወሰነ መጠን የማያንስ ድርሻ እንዲጠበቅ ይደነግጋል። ወረፋ ከምንጋፋ፣ ገንዘቡን የሚያዘገዩትን ሀብታሞች አብረን ብንጠይቅ አይሻልም ነበር?

አዌቱ፦ ውኃ አገሩን የወሰደበት ሕዝብ ለማግኘት ፓስፊክ ድረስ መሄድም አያስፈልግም። የቱርካና ሐይቅ ሰፍቶ፣ ኦሞም ሞልቶ የዳሰነች አርብቶ አደሮችን መንደርና ግጦሽ ሲውጥ አይተናል። በትናንቱ አዳራሽ ስማቸውን ያነሳ አንድ ሰው አልሰማሁም።

የአጋሮው፦ እርስዎም እኮ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ፤ ምነው ያን ጊዜ እጅዎን አላወጡም?

ሂርማታ፦ ጭብጨባው መች ፋታ ሰጠና!