በደንቀዝና በእንፍራንዝ ዙሪያ ያሉ ብራናዎችንና የቃል ቅርስን ለመሰነድ፦ የጋራ ዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦ ረቂቁ የሱስንዮስ መናገሻ የነበረችውን ደንቀዝንና የጉዛራ ግንብ ያለባትን እንፍራንዝን ይዞ ስድስት መንደር ይላል። ግንቦቹን ጎብኚ ያያቸዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ያለው ብራና ግን ምስጥና ፍሳሽ ሲበላው የሚያይለት የለም። እስኪ ተቹት።

የፎቶ ክፍል፦ ስድስት ይበዛል፣ ሁለት ይሁን። 150 ቅጠል ያለው መጽሐፍ 300 ገጽ ነው፤ ሁለት ሰው ሳይቸኩል ሲያነሣው ቀኑ ያልቃል። መጽሐፉን ገልብጦ መጫን ፈጽሞ አይፈቀድ፦ የጥራዙ ክር ይበጠሳል፣ ቅጠሉም ከእንጨት ገበታው ይላቀቃል። ግራና ቀኙን በትራስ ደግፎ እስከ 100 ዲግሪ ገደማ ብቻ መክፈት ይበቃል። ፍላሽ አይበራ። ጓንትም አያስፈልግም፤ ጣት የቅጠሉን ጫፍ እንዳይለይ ያደርጋል፣ የላላ ቀለምም ይጠርጋል። ታጥቦ የደረቀ እጅ ይሻላል።

ሥራውን ገደል የሚከተው ስያሜ ነው። የእያንዳንዱ መጽሐፍ የመጀመሪያ ፎቶ መንደሩ፣ ደብሩ፣ የመጽሐፉ ስምና ቀኑ በእጅ የተጻፈበት ወረቀት ይሁን። መጽሐፉ ወደ ማኅደሩ (ወደ ቆዳ ማስቀመጫው) ሳይመለስ ገጹና ፎቶው ይቆጠር፤ ከ300 ገጽ 298 ፎቶ ከተገኘ ሁለት ቅጠል አብሮ ተገልጧል ማለት ነው።

የእንፍራንዝ አባል፦ ረቂቁ ለሥራው የያዘው ሐምሌ ይሰረዝ። ብራና እርጥበት ጠጥቶ ይጨማደዳል፣ መንገዱም ጭቃ ነው። ከጥምቀት ማግስት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ይሁን፤ አውድማው አልቋል፣ የሠርግ ዘፈኑም በቦታው የሚሰማው ያኔ ነው። የወረዳው ባህልና ቱሪዝም ደብዳቤ የግድ ነው፤ ማመልከቻው የቅርስ አዋጅ 209/1992ን ይጥቀስ። ደብዳቤ አንጠልጥሎ ቀጥታ ዕቃ ቤት መጠየቅ ግን በር ያዘጋል፦ መጀመሪያ ሰበካ ጉባኤው ይምከርበት። ቄሰ ገበዙ በሌሉበት አንድም መጽሐፍ አይውጣ።

የድምፅ ክፍል፦ ለቀረርቶና ለፉከራ ማይኩ ከአፍ አንድ ክንድ ይራቅ፤ ሲቀርብ ድምፁ ይፈነዳል። ቆርቆሮ ቤት ያስተጋባል፣ ሳር ቤት ካልተገኘ ግድግዳው ላይ ጋቢ ይሰቀል። ያለ ኀዘን ሙሾ ማስወረድ ሟርት የሚሆንበት ስላለ እናቶቻችን አስቀድመው ይጠየቁ። ፈቃዳቸውም በራሳቸው ድምፅ ይቀዳ።

ሰብሳቢ፦ ሁሉንም አስገብቻለሁ። ቅጂው ሦስት ይሆናል፦ ለደብሩ፣ ለመንደሩ ትምህርት ቤት፣ ለማኅበራችን። ለሕዝብ በሚለቀቀው ላይ የዕቃ ቤቱ አቀማመጥና የመስቀሎቹ ፎቶ አይኖርም፤ ለሌባ መንገድ ማሳየት ነው። ሁለቱን መንደሮች እስከ እሑድ ጠቁሙ፤ ጣሪያው የሚያፈስ ዕቃ ቤት ያለበት ይቅደም።